የኔሬይዳ ኦፖሰም

ሳንታ ሩፊና፣ ቬኔዙዌላ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1983

ለተከበሩት አክስቴ ለኦርቴንሲያ፣

ስለ ጤናዎ ልጠይቅ ነበር፤ ግን ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ አራት መስመር መልስ ለመጻፍ ሦስት ወር የሚፈጅበት ሰው መቼም ጤናው የተሟላ ነው፤ ምንም አያስቸኩለውም። እኛም ደህና ነን። ይህን የጻፍኩት ደብዳቤ እንዲህ ካልተጀመረ ደግ አይደለም ስለሚባል ነው። ዝርዝሩ ወደ ታች ይመጣል።

አዎ፣ ያቺው ያሃይራ ነኝ፣ የእህትዎ የኔሬይዳ ልጅ። ከዚህ ቤት ሲወጡ አራት ዓመቴ ነበር፤ ልሰናበትሽ ብለው ሲያቅፉኝ እጅዎን ነክሼዎት ነበር አሉ። ይቅርታ። አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል፤ የምነክሰው በነገር ብቻ ነው። ስለ አባቴም ጠይቀዋል። ነዳጅ ሊያወጣ ማራካይቦ ሄዶ ሌላ ሚስት አወጣ። ስለዚህ እዚህ ያለነው እኔና አያቴ (አባትዎ) ነን፣ ከተቆጠረ ድመቱም።

አያቴ ራሳቸው የማይጽፉልዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እኔ እንደምጽፍልዎት አያውቁም። ሁለተኛ፣ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። እሳቸው ግን «ዘንድሮ ጉሙ በዛ» ነው የሚሉት። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ላይ ያለውን የቀድሞ ከንቲባ ሐውልት ባርኔጣ አንስተው እጅ ነሱት። ሐውልቱ ዝም አለ። «እኚህን ሰውዬ ሹመት አባለጋቸው» እያሉ ሲብሰለሰሉ ዋሉ።

ዓይናቸው እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሊያልቅ ነው፣ አክስቴ፤ የአገራችን ኦፖሰሞች፣ እነዚህ አፈ ሹል፣ ጅራተ ረጅም የሌሊት አውሬዎቻችን፣ ሁሉ በየዝርያቸው ተለይተው የተመዘገቡበት፣ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠመዱለት መጽሐፍ። እኔ ጅራት፣ የኋላ እግርና ጆሮ እለካለሁ፤ እሳቸው ያስጽፉኛል፤ ፕሮፌሰር አናክሳጎራስ ደግሞ ይቃወማሉ። ያስታውሷቸዋል፣ ሲያስነጥሱ ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ የሚይዙት የአያቴ ወዳጅ። ጥርሳቸው አልቋል፣ ክርክራቸው ግን አላለቀም። ፕሮፌሰሩ ሁለት ኦፖሰም አጠገብ ላጠገብ ሲያዩ «አንድ ናቸው» ይላሉ። አያቴ ደግሞ አንዱን ኦፖሰም ጠዋትና ከሰዓት ቢያሳዩአቸው ሁለት ያደርጉታል። መሃል ቁጭ ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ።

በነገራችን ላይ ዝርያዎቹን ለመለየት የተማረ ሰው አያስፈልግም፤ የመንደራችን ሽማግሌዎች ይበቃሉ። ጅራተ መላጣው ዶሮ ሌባ ሲያዝ ምላሱን አውጥቶ የሞተ ይመስላል፤ ይህ ሳህን ማጠብ ሲመጣ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ባለ አራት ዓይኑ ከዓይኖቹ በላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ይህ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሲያምሱ አያቴ ናቸው።

የመጨረሻው ገጽ ግን አያስቀኝም። የእናቴ ኦፖሰም ነው።

ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እናቴ ከላይኛው ጫካ በጨርቅ ከረጢት ይዛት መጣች፣ አውራ ጣት የምታህል አይጥ አከል ኦፖሰም። በማግሥቱ ወጥመዶቹን ልታይ ተመልሳ ስትወጣ ወንዙ ሞልቶ ወሰዳት፤ አልተገኘችም። አያቴ «ባዶ ጉድጓድ ላይ ድንጋይ አላቆምም» ብለው ስሟን በላቲን ለዚያች እንስሳ ሰጡ። መቃብር ቦታው ውስጥ እናቴ የለችም፤ ያለችው መሳቢያ ውስጥ ነው። የሙታን ቀን ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ወደ ኮረብታው ሲወጣ እኔ መሳቢያ እከፍታለሁ።

ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ማተሚያ ቤቱ ለእያንዳንዱ ዝርያ የራስ ቅል ሥዕል ካላገኘሁ አላትምም አለ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልደረሰው ደግሞ ተራችንን ለአንድ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ይሰጣል። ሠዓሊዋ እኔ ነኝ። የሌሎቹ ሁሉ ቅል ወጥቶ፣ ጸድቶ፣ በየብልቃጡ ተቀምጧል፤ የእናቴ ኦፖሰም ብቻ ቅሏ ከነቆዳዋ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አያቴ «ጉሙ በዛ» ይላሉ። እርስዎ ቪየና በቤተ መዘክር የራስ ቅል ሲያዩ ውለው የሚያመሹ ሰው ነዎት። ቅሏን ሳላወጣ እንዴት አድርጌ ልሳላት?

እጅዎን የነከሰችው
ያሃይራ

«አንቺ በይኝ» ብለዋል፤ አልችልም። በዚህ ተራራ ላይ ድመቱንም አንቱ እንደምንል ረሱት? ትናንት አያቴ «እባክዎ ከወንበሬ ይነሱ» ሲሉ ከእኔ ጋር መስሎኝ ተነሣሁ።


ቪየና
ኦክቶበር 4 ቀን 1983

ውድ ያሃይራ፣

ደብዳቤሽን የቢሮዬን በር ዘግቼ ነው ያነበብኩት፤ መጀመሪያ ስስቅ እንዳይሰሙኝ፣ ኋላ ደግሞ መሳቄን ሳቆም እንዳያዩኝ።

ለሦስቱ ወር ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። የእጅ ጽሑፍሽ የእናትሽ ነው። ፖስታውን ሳየው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው በዙሪያው ስመላለስ ከረምኩ።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ ልኬቶች ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን የደጋ አይጥ አከሎች በሙሉ ለክቻቸዋለሁ፤ ለፕሮፌሰር አናክሳጎራስ አሳዪያቸው፣ ግማሾቹን «አንድ ናቸው» እስኪሉ ድረስ ይደሰቱ።

ለሥዕሉ መልሴ ይህ ነው፤ ቅሏን አታውጪ። በሕይወት እንዳለች አድርገሽ ሳያት፣ ቅርንጫፍ ላይ፣ ጅራቷን ጠምጥማ። ማተሚያ ቤቱ ካስቸገረሽ እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ በያቸው።

በደብዳቤሽ ጀርባ በእርሳስ ጽፈሽ የሰረዝሽውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ለምን እንደሄድኩ በወረቀት የሚነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኦፖሰሟ ከንፈር ስንጥቅ ውስጥ፣ ልክ ከመንጋጋ ጥርሶቿ ፊት ያለችው ጥርስ ትታይሻለች? እንደ ቢላ አንድ ስለት ያላት ናት ወይስ እንደ ትንሽ መንጋጋ ብዙ ጫፍ ያላት?

ተይው። አትመልሺልኝ።

አያትሽን ሐኪም አይቷቸዋል? ጠዋት የሸንኮራ ውሃቸውን አሁንም በረንዳው ላይ ቆመው ነው የሚጠጡት?

ኦርቴንሲያ


ሳንታ ሩፊና
ኖቬምበር 12 ቀን 1983

የተከበሩ አክስቴ፣

የምጀምረው አትመልሺ ከተባልኩት ጥያቄ ነው፤ እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉኝ።

ከንፈሯ በክር የተሰፋ ነው። በእርጥብ ጥጥ አለስልሼ፣ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጥርሷ ብዙ ጫፍ አላት። ወደ ኋላ ያሉት አይታዩም፣ አፏ በጥጥ ታጭቋል። ታዲያ ይህማ አያቴ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያሳተሙት ነው፤ «በአገራችን ካሉት አይጥ አከሎች ሁሉ የሚለያት ይህ ነው» ብለዋል። ደስ ብሎኝ ሁለት አሬፓ፣ የበቆሎ ቂጣችንን፣ ከነአይቡ በላሁ።

ደስታዬ እስከ ረቡዕ ብቻ ነው የቆየው። ረቡዕ ዕለት ድመቱ (እሳቸው) የተራውን የደጋ አይጥ አከል ግልገል ገድለው አመጡልኝ። ቆዳውን ገፍፌ ቅሉን ጓሮ ወዳለው ሣጥን አስገባሁት። ሣጥኑን መቼም አይረሱትም፤ ሥጋ በል ጢንዚዛዎቹ ያሉበት፣ አጥንቱን እንደ ሸክላ አንጽተው የሚመልሱት። ለትልልቆቹ በከተማው ምክር ቤት አባላት ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ አበላላቸው ያው ስለሆነ።

ቅሉ ጸድቶ ሲወጣ ከመንጋጋዎቹ ፊት ያለችው ጥርስ ብዙ ጫፍ ነበራት። የተራው የደጋ አይጥ አከል ግልገል እኮ ነው፣ አክስቴ! በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ተነቅላ መዳፌ ላይ ወደቀች። ከሥሯ ሌላ ጥርስ ብቅ ብላለች፣ እንደ ቢላ ስለት።

ፕሮፌሰሩ በረንዳ ላይ ነበሩ። ሄድኩ።

«ፕሮፌሰር፣ ኦፖሰም ጥርስ ይቀይራል እንዴ?»

ሳሉ። «ዛሬ ዝናብ ሊጥል ነው መሰለኝ።»

«ጥርሱስ?»

«እርስዎ ልጅ፣ በእርስዎ ዕድሜ ስለ ጎረምሳ ነው የሚታሰብ፤ ስለ ኦፖሰም ጥርስ ማን ያስባል?»

«እሺ የኦፖሰሙ ይቅር፤ የእርስዎስ መቼ ነው የሚበቅለው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በከዘራቸው ያባርሩኝ ነበር። ያን ዕለት ባርኔጣቸውን አንስተው፣ የተቀዳላቸውን የሸንኮራ ውሃ ሳይጨርሱ ሄዱ። ይህ ሰውዬ በሕይወታቸው የተቀዳ ነገር ትተው ሄደው አያውቁም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሁሉ እርስዎ ለምን እንደሄዱ ጠየቅኳቸው። ቄሱ «ጸሎት ስለማትወድ» አሉ። ባለ ሱቁ «ፈረንጅ ወድዳ» አለ። አያቴ ደግሞ «ብርድ ትወዳለች» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሦስት ሰው ሦስት ነገር ሲዋሽ አራተኛው እውነት አለ ማለት ነው፤ እሱም ያለው እርስዎ ጋ ነው። ወረቀት ካልቻለው ሁለት ወረቀት ይጨምሩ።

ያሃይራ

ሐኪሙ መጥቶ ነበር። አያቴን ደረጃው ላይ ትንሽ አዙሯቸው ነበር። ደህና ናቸው። አሁን የሸንኮራ ውሃቸውን የሚጠጡት ቁጭ ብለው ነው።


ቪየና
ዲሴምበር 1 ቀን 1983

ውድ ያሃይራ፣

እሺ። ጠይቀሻል፣ እነግርሻለሁ። ስታነቢ ቁጭ በይ።

እኛ በልጅነታችን የፊት ጥርሳችንንም መንጋጋችንንም እንቀይራለን። ኦፖሰም ግን በዕድሜው የሚቀይረው በየመንጋጋው ጎን አንዲት ጥርስ ብቻ ነው፤ ያቺን አንቺ መዳፍ ላይ የወደቀችውን። የወተቷ ጥርስ ብዙ ጫፍ አላት፣ ስትነቀል የምትተካው አንድ ስለት አላት። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ቅል ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ ልጅን ከአዋቂ የምትለየው እሷ ናትና። ይህን ለእኔ ያስተማሩኝ አያትሽ ናቸው፣ በዚያው በረንዳ ላይ። ለእናትሽም።

እናትሽ በወንዙ ከተወሰደች በኋላ፣ የጸሎቱ ሳምንት ገና ሳያልቅ፣ እንስሳዋን እሳቸው ራሳቸው ገፈፉ። ቅሏን ከቆዳው ለማውጣት እጃቸው እንቢ አላቸው። ከንፈሯን ሰፉት። ከመስፋታቸው በፊት ግን በድዷ መሃል ያቺን ጥርስ አይተው «አዲስ ናት» አሉ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እውነት ከመናገር የሚበልጥ ደግነት ያለ አይመስለኝም ነበር። «አባባ፣ ልጅ ትመስለኛለች። ቅሏን ለጢንዚዛዎቹ ሰጥተን እንይ» አልኳቸው።

ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? «አንደኛዋን ወንዙ በላት። እርስዎ ደግሞ የቀረችውን ለነፍሳት ሊያበሉብኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። እኔም ሻንጣዬን አነሣሁ። ፈረንጅ የወደድኩት ከሄድኩ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፣ ለባለ ሱቁ ንገሪልኝ፤ እሱም አልቆየም።

ቅሏ እስካልጸዳ ድረስ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ እኔም ጭምር። ከዚያች ጥርስ ሥር ሌላ ጥርስ ከተቀመጠች እንስሳዋ የተራው የደጋ አይጥ አከል ግልገል ናት፣ የእናትሽም ስም ይወድቃል። ከሌለች አያትሽ ትክክል ናቸው፣ እኔም የአሥራ ሁለት ዓመት ይቅርታ አለብኝ። እዚህ ሰዎች ስለሷ ሲጠይቁኝ «ናሙናው አልጸዳም» እላለሁ። ውሸት አይደለም። መደበቂያ ነው።

በሥራችን የወደቀ ስም አይፋቅም። ከቆመው ስም ሥር፣ በትንሹ ፊደል ይጻፋል፤ አጠገቡም ማን እንደጣለው። ከእህቴ ስም ጎን «የጣለቻት» ተብዬ መጻፍ አልፈልግም። አንቺም እንድትጻፊ አልፈልግም።

እለምንሻለሁ፣ ተያት። መሳቢያሽን እየከፈትሽ ኑሪ።

ኦርቴንሲያ


ሳንታ ሩፊና
ጃንዋሪ 8 ቀን 1984

የተከበሩ አክስቴ፣

«ተናደሽ ቅሏን እንዳታወጪ» የሚለው ቴሌግራምዎ ዘግይቶ ደረሰ።

አይ፣ ተናድጄ አይደለም ያደረግኩት። የሙታን ቀን መሳቢያው ውስጥ ያኖርኳቸውን አበባዎች አሰብኩና፣ ለማን እንደነበሩ ሳላውቅ ልኖር ነው ብዬ ነው። እንዴት እንዳደረግኩት አልጽፍም። ቆዳዋን አላበላሸሁባትም፣ ይህን ብቻ ይወቁ። ሣጥኑን ከከደንኩ በኋላ የምክር ቤት አባላቱን በስማቸው መጥራት አልቻልኩም። አጠገባቸው በርጩማ አምጥቼ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። አያቴ ከመኝታ ክፍላቸው «ያሃይራ፣ ምን እየሠሩ ነው?» ሲሉኝ «ባቄላ እየለቀምኩ» አልኳቸው።

ውጤቱንም አልጽፍልዎትም። እርስዎ ብልህ ሰው ነዎት። አያቴ ትክክል ቢሆኑ ኖሮ እኔም በቴሌግራም እጮህ ነበር።

አሁን ዝርዝሩ። ስለ ማዞሩ የጻፍኩልዎት ሙሉ አልነበረም፤ ከኦክቶበር ጀምሮ ሲያዞራቸው ነበር። በገና ማግሥት፣ በዲሴምበር 26፣ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። ምላሳቸው ይጎተታል፣ ንግግራቸው ግን ይሰማል፤ ቄሱን ሊያቆርቧቸው ሲመጡ «ገና ነኝ፣ መጽሐፍ አላለቀልኝም» ብለው መልሰዋቸዋል። ለገና የሠራሁትን ሀያካ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ የቀቀልኩትን የበቆሎ ሊጥ፣ ፕሮፌሰሩ በሹካ አድቅቀው ያጎርሷቸዋል፤ ጥርስ ስለሌላቸው ማድቀቅ ያውቁበታል።

ከሁሉ የከፋው፣ መከራከር ትተዋል። ትናንት ፕሮፌሰሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ ሁለቱ ባለ ሱፍ ኦፖሰሞች ሲያነሡ «ኤሌውቴሪዮ፣ ሲያስቡት ሁለት ናቸው። ልክ ነዎት» አሏቸው። ሠላሳ ዓመት «አንድ ናቸው» ሲሉ የኖሩ ሰውዬ። አያቴ «እንግዲያስ በእርግጥ ልሞት ነው» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ እንዳይሰማ።

በየጠዋቱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የኔሬይዳ ሥዕል ተላከ?»

«ቀለሙ እየደረቀ ነው» እላለሁ። በዓለም ላይ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም ታይቶ አይታወቅም። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ብዙ የለም። ምን ልሳል?

ያሃይራ


ቪየና
ጃንዋሪ 25 ቀን 1984

ያሃይራ፣ ልጄ፣

ከጎኗ ሳያት። ባለ ብዙ ጫፏን ጥርስ በቦታዋ አድርገሽ፣ ድዷ እንዳለ አስመስለሽ ሳያት። ከሥሯ ያለውን ማንም አያይም። ቅሏን ደግሞ መልሰሽ ቆዳው ውስጥ አስገቢና ከንፈሯን ስፊው።

ይህን የምትጽፍልሽ ለተማሪዎቿ «ያያችሁትን ብቻ ሳሉ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ምን እንደምለምንሽ አውቃለሁ። አያትሽ ሳያውቁ ይለፉ። ለአንድ አባት አንዴ መቅበር ይበቃል።

ለማርቹ አውሮፕላን ቦታ ይዣለሁ። ቲኬቱን ግን አልቆረጥኩም። ነይ ያላለኝ ሰው ደጃፍ ቆሜ አላውቅም፤ የሳቸው ልጅ ነኛ። ስሜን ያነሣሉ? አንድ ጊዜ እንኳ? ካላነሡ ዋሽተሽ ንገሪኝ።

ኦርቴንሲያ


ሳንታ ሩፊና
ማርች 2 ቀን 1984

አያቴ ማክሰኞ ዕለት ተቀበሩ።

ከሰላምታው በፊት የጻፍኩት ሰላምታ ላይ እንዳልደበቅበት ብዬ ነው። ቴሌግራም ያልላክሁት ደግሞ እርስዎ የጠየቁኝ ጥያቄ በአሥር ቃል ስለማይመለስ ነው። እንዲህ ሆነ።

እንዳዘዙኝ ሳልኳት። ጥሩ ሥዕል ነበር፣ ድዷ ሁሉ እርጥብ ይመስል ነበር። ወደ አልጋቸው ወስጄ «አያቴ፣ ደረቀ» አልኳቸው። አያዩም ብዬ ነዋ፤ ሞኝ።

«ሥዕሉን ይተዉት» አሉ። «ቅሏን ያምጡ።»

«የትኛዋን ቅል?»

«እርስዎ ልጅ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው። ጢንዚዛ ሲበላ ድምፅ አለው፤ ሣጥኑ ደግሞ በመስኮቴ ሥር ነው። በዚያ ሳምንት ወጥመድ አልዘረጋንም። ባቄላ እንዲህ አይለቀምም።»

ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። በየጠዋቱ «ተላከ?» ሲሉኝ የነበረው እኔ እስክናገር ሲጠብቁኝ ነበር።

አመጣሁላቸው። ፕሮፌሰሩ ቅሏን በሁለት ጣት ያዙላቸው። አያቴ የመለያ መርፌያቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ጫፉን በጥርሶቿ ላይ አስኬዱት፤ ከኋላ ጀምረው፣ ቀስ ብለው፣ ሰው በጨለማ ደረጃ እንደሚወርደው። ያቺ ጥርስ ጋ ሲደርሱ መርፌው ከሥሯ ገባ። እዚያው ቆየ።

እኔን አንቱ ይሉኛል። ድመቱን አንቱ ይላሉ። ዶሮ የሚሰርቀውን ኦፖሰም እንኳ ከወጥመድ ሲያወጡት «ይቅርታዎን» ይሉት ነበር። በዕድሜዬ ማንንም አንተ ወይ አንቺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ልጅ ነሽ» አሏት። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ዝናብ ሊጥል ነው» አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ከዚያ አያቴ «ወረቀት» አሉኝ።

«አያቴ፣ ባይጻፍስ? ከሦስታችን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ባዶ ጉድጓድ ላይ ድንጋይ አላቆምም ብዬ ነበር» አሉ። «አቁሜ ኖሯል። ይጻፉ።»

የመጨረሻውን ገጽ አስቀደዱኝ። ከዚያ የተራው የደጋ አይጥ አከል ገጽ ላይ፣ ከቆመው ስም ሥር፣ በትንሹ ፊደል የሚገባውን አስጻፉኝ። እንዳለ ልገልብጥልዎት፤ መጀመሪያ የእናቴ ስም በላቲኑ፣ ከዚያ ስም ሰጪው አያቴ በቤተሰብ ስማቸው፦

«ኔሬይዴ፣ ኡስካቴጊ፣ 1972። ግልገል እንስሳ፣ የወተት ጥርሷን ያልጣለች። ይህን አስቀድማ ያየች ኦርቴንሲያ ኡስካቴጊ፣ 1971፤ አልተሰማችም።»

ፕሮፌሰሩ ዘለው ተነሡ። «ኤሌውቴሪዮ! እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ 'አልተሰማችም' አይባልም!»

«ይባላል።»

«በየትኛው ሕግ?»

«ልጆቼ ናቸው፣ አናክሳጎራስ። አንተ ዝም በል።»

«አንተ» ብለዋቸዋል! ፕሮፌሰሩም ከሠላሳ ዓመት ወዳጅነት በኋላ ተሰድበው ይሁን ተከብረው ሳይገባቸው ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ስለ ሕጉ ተጨቃጨቁ፣ ምራቅ እስኪረጫጩ፣ እንደ ድሮው። ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ የሸንኮራ ውሃ አፈላሁ። ከገና ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። ሁለቱም ጠጡ። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም።

«ስሜን ያነሣሉ?» ላሉት፣ መዋሸት አላስፈለገኝም። አንድ ጊዜ አንሥተዋል፤ ከነአባት ስሙ፣ እንዲታተም።

የመጀመሪያውን ሥዕል ቀደድኩት። ሌላ ሳልኩ፤ የወተቷ ጥርስ በቦታዋ፣ ከሥሯ ደግሞ ያቺ ሳትወጣ የቀረችው ስለት። ማተሚያ ቤቱ ተቀብሎታል። ቅሏን መልሼ ቆዳው ውስጥ አላስገባኋትም። ከንፈሯንም አልሰፋሁም። ቄሱ እንዲያስፈቅዱልኝ ለምኜ፣ በአያቴ መቃብር ድንጋይ ላይ የእናቴን ስም ከስማቸው ሥር አስቀርጫለሁ፣ «እዚህ የለችም» ከሚል ጋር። ቄሱ ቅር አላቸው። ፕሮፌሰሩ ግን «ትክክለኛ መግለጫ ነው» አሉ።

መጽሐፉ ሲመጣ ያን ገጽ እናነበዋለን። ፊደሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ መጎንበስ ያስፈልጋል። ሁለቱ የአያቴ ልጆች ያሉት እዚያ ነው፤ አንድ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን።

አሁን መሳቢያው ባዶ ነው። ጢንዚዛዎቹ ርቧቸዋል። ፕሮፌሰሩ በየጠዋቱ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚቃወማቸው ሰው ይጠብቃሉ፤ እኔ «አንድ ናቸው» ብላቸውም «ሁለት ናቸው» ብላቸውም እሺ ይሉኛል። ይህን ብቻዬን አልችለውም፣ አክስቴ።

ነይ የሚልሽ ከጠፋ እኔ አለሁ። ቲኬቱን ቁረጪና ነይ። እጅሽን አልነክስም።

ያሃይራ